ልጅም ግፊት አለው እንዴ? በትምህርት ቤት ዕድሜ ስላሉ ልጆች የደም ግፊት

«ኧረ ግፊቴን አታስነሳው!» ይህን ተብሎ የማያውቅ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ወላጅ ይለዋል፣ አስተማሪ ይለዋል፣ ታላቅ እህትም ሲመራት ትለዋለች። በአባባሉ ውስጥ ግፊት ያለበት ሁልጊዜ ትልቁ ሰው ነው። ልጁ አስነሺ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ስለዚህ አንዲት ነርስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለክታ «ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ሌላ ቀን ደግማችሁ አምጡት» ስትል ወላጅ ግራ ይጋባል። አንዱ ይስቃል። «በዚህ ዕድሜ የምን ግፊት ነው?» ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ይረሳዋል። ሌላው ስለ ስትሮክ ሲያነብ ያድራል። ሁለቱም ቸኩለዋል።

36 ቁጥር ጫማ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? የማን እግር እንደሚገባበት ሳይታወቅ መልስ የለውም። የልጅ ግፊትም እንደዚያው ነው። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ወንድ ነው ሴት? ቁመቱስ? በምን ተለካ? ስንት ጊዜ? ከዚህ በፊት መሳቅም መደንገጥም አይቻልም።

መጀመሪያ፣ ግፊት ማለት ምንድን ነው?

ድሮ «ደም ብዛት» ይባል ነበር፣ ዛሬም የሚሉት አሉ። ስሙ ግን ያሳስታል። ደሙ አልበዛም። ጉዳዩ ደሙ የሚያልፍበትን ቧንቧ ግድግዳ ምን ያህል ይገፋዋል የሚለው ነው።

ውሃ የሚተላለፍበት ጎማ አስቡ። ቧንቧውን ይበልጥ ብትከፍቱት ጎማው ይወጠራል። ቧንቧውን ሳትነኩ ጎማውን በእጃችሁ ጨበጥ ብታደርጉትም ይወጠራል። ሰውነትም ውስጥ ግፊት የሚጨምረው በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። ወይ ልብ በኃይል ብዙ ደም ትረጫለች፣ ወይ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ ወይ ደግሞ ሁለቱም።

ሁለት ቁጥር የሚነገረው ልብ ስለምትመታና ስለምታርፍ ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትጨመቅ ያለው ግፊት ነው። የታችኛው በሁለት ምት መካከል ዘና ስትል የሚቀረው ነው። መለኪያው «ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» ይባላል። ስሙ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ የሚጠመጠም መለኪያ ሲያስተዋውቅ፣ ግፊቱ የሜርኩሪን ዓምድ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያነሳ ነበር የሚታየው። በ1905 ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በማዳመጫ ድምፁን እየሰሙ ሁለቱንም ቁጥር ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ሜርኩሪው ከብዙ ክፍሎች ወጥቷል፣ ስሙ ግን ቀርቷል።

ስለ ልብ ብዙ ይወራል እንጂ ከጀርባ ሆኖ ግፊትን የሚቆጣጠረው ኩላሊት ነው። ምን ያህል ጨውና ውሃ በሰውነት እንዲቆይ፣ ምን ያህሉ በሽንት እንዲወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ጨው ሲቆይ ውሃም አብሮ ይቆያል፣ ጎማው ይወጠራል። ይህን ያዙት። ከታች ኩላሊትና ጨው ደጋግመው ይመጣሉ።

ለምን በትልቅ ሰው ቁጥር አይለካም?

ግፊት ከሰውነት ጋር አብሮ ያድጋል። ሕፃን ሲወለድ ዝቅተኛ ነው፣ ልጁ በቁመትና በክብደት ሲጨምር እሱም ይጨምራል። ረጅም ልጅ በዕድሜው እኩያ ከሆነ አጭር ልጅ ትንሽ ከፍ ያለ ግፊት ቢኖረው የተፈጥሮ ነው። ሁላችንም የምናውቀው 120 በ80 ለትልቅ ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን በጣም ከፍ ያለ ነው። «እንዲያውም የእኔን ያህል ነው፣ ደህና ነው» ብሎ መጽናናት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ በምን ይለካል? በእኩዮቹ። አንድ መቶ ልጆች አሰልፉ። ሁሉም ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና ቁመታቸው አንድ ዓይነት ይሁን። ከዝቅተኛው ግፊት ወደ ከፍተኛው በተርታ ይቁሙ። የእናንተ ልጅ ስንተኛው ላይ ቆመ? ባለሙያዎች ፐርሰንታይል የሚሉት ይህን ቦታ ነው። ከፐርሰንት ጋር አታምታቱት፣ የፈተና ውጤትም አይደለም። እዚህ ሰልፍ ላይ 95ኛ መሆን የሚያኮራ ነገር የለውም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ90ኛው በታች ከቆመ ግፊቱ ጤነኛ ነው። ከ90ኛው እስከ 95ኛው ድረስ «ከፍ ያለ» ይባላል፣ ገና በሽታ አይደለም። 95ኛው ላይ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያዩ ቀናት ሲደጋገም ነው የደም ግፊት በሽታ የሚባለው። እሱም ሁለት ደረጃ አለው። ከ95ኛው መስመር በ12 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው አንደኛ። 13 ዓመት ሲሞላ ሰልፉ ይቀርና የትልቅ ሰው ዓይነት ቁጥር ይመጣል። ከ120 በ80 በታች ጤነኛ፣ ከ130 በ80 ጀምሮ አንደኛ ደረጃ፣ ከ140 በ90 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ። አውሮፓውያን ሐኪሞች በ2016 ባወጡት መመሪያ ግን ሰልፉ እስከ 16 ዓመት ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላም ድንበሩ 140 በ90 ነው። ስለዚህ አንዱን ልጅ ሁለት ሐኪሞች በተለያየ ስም ቢጠሩት አትገረሙ። የተለያየ መጽሐፍ ከፍተው ነው።

ነገሩን ለማቅለል የወጣ አጭር ሠንጠረዥም አለ። ቁጥሩ ከዚህ በታች ከሆነ ችግር የለም፣ ከነካው ወይም ካለፈ ሙሉውን ሠንጠረዥ ክፈቱ የሚል ነው። ለስድስት ዓመት ወንድ ልጅ 105 በ66፣ ለስምንት ዓመት 107 በ69፣ ለአሥር ዓመት 108 በ72፣ ለ12 ዓመት 113 በ75 ነው። የሴቶቹ ከዚህ ቢለይ በአንድ ቁጥር ነው። ይህ መስመር ሆን ተብሎ በአጫጭር ልጆች ልክ ዝቅ ተደርጎ የተቀመጠ ነው፣ ማንም እንዳያመልጥ። ስለዚህ ረጅም ልጅ መስመሩን አልፎ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ወንፊት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ቆይ፣ እንዲህ ከሆነ ከመቶ አምስቱ ልጅ ሁልጊዜ በሽተኛ ሊባል ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔንም ግራ አጋብቶኝ ያውቃል። መልሱ ሰልፉ በየዓመቱ አዲስ አይሠራም የሚል ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ከዚህ በፊት ከተለኩና ክብደታቸው ከልክ ካላለፈ 50 ሺህ ገደማ ልጆች ነው። መስመሩ እዚያ ላይ ተሰምሯል፣ አይንቀሳቀስም። የዛሬ ልጆች ከመስመሩ በላይ ሦስት ከመቶ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አሥርም ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞም ለአንድ ቀን መስመሩን ያለፈ ሁሉ አይቆጠርም።

በ2025 የታተመ በርካታ አገሮችን ያካተተ የጥናቶች ስብስብ፣ ከ19 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ የደም ግፊት በሽታ በ2000 ከነበረበት 3.2 በመቶ በ2020 ወደ 6.2 በመቶ ማደጉን ገምቷል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጉዳዩ ሰሞኑን የሚወራውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ከፍ ካለ በሽታ ነው ማለት ነው?

አይደለም። መመሪያው ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት ከፍ ብሎ መገኘት አለበት ይላል። በመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለባቸው ብዙ ልጆች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ልጅ ሲለካ አንድ ቀን ቆማችሁ ብታዩ ይበቃል። ደረጃውን ሮጦ ወጥቷል። ሽንቱ መጥቷል። ተራው የደረሰ ልጅ መርፌ ተወግቶ ሲጮህ ሰምቷል። ወንበሩ ትልቅ ሆኖበት እግሩ ተንጠልጥሏል። እየተለካ ደግሞ ያወራል። እያንዳንዱ ነገር ቁጥሩን ይገፋዋል።

በትክክል ሲለካ እንዲህ ነው። ልጁ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጀርባው ይደገፋል፣ እግሩ መሬት ይነካል፣ ካልደረሰለት ከሥሩ አንድ ነገር ይደረግለታል። ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የሚለካው ቀኝ ክንድ ነው፣ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ። እጅጌ አይኖርም፣ ወሬም የለም። የመጀመሪያው ከፍ ካለ በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ይደገምና አማካዩ ይወሰዳል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስተው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ነው። ባለሙያዎቹ ካፍ ይሉታል። ካፉ ለክንዱ ከጠበበ መሣሪያው ግፊቱን ከእውነቱ በላይ ያነባል። ከሰፋ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ትክክለኛው ካፍ የሚነፋው ክፍሉ ስፋት ቢያንስ የክንዱን ዙሪያ 40 በመቶ ያህል ነው፣ ርዝመቱም ከዙሪያው ከ80 እስከ 100 በመቶውን ይከባል። በቀላሉ፣ የክንዱ ዙሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚነፋው ክፍል ወርድ ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ላዩ ላይ «የልጅ» ተብሎ መጻፉ ዋስትና አይደለም። ወፈር ያለ የ12 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ካፍ ሊያስፈልገው ይችላል። ቀጭን የስምንት ዓመት ልጅ በአባቱ ካፍ ቢለካ ደግሞ ያለበት ግፊት ሊደበቅ ይችላል። ለእኔ፣ ወላጅ በምርመራ ክፍል ውስጥ ሊጠይቃቸው ከሚችሉ ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው «ይህ ካፍ ለክንዱ ልኩ ነው?» የሚለው ነው። ማንንም አያስቀይምም።

በባትሪ ወይም በኤሌክትሪክ ራሱ ነፍቶ ራሱ የሚያነበው መሣሪያ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ግን በማዳመጫ እየተሰማ በእጅ በሚነፋው ማረጋገጥ ይመከራል፣ አውቶማቲኩ ከፍ አድርጎ የማንበብ አመል አለውና። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሠረው መለኪያ ለልጅ አይመከርም።

ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ የሚወጣ፣ ቤት ሲገባ የሚወርድ ልጅም አለ። ይህ ስም ወጥቶለታል፣ «የነጭ ጋዋን ግፊት» ይባላል። ተቃራኒውም አለ፤ ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ውጭ ከፍ የሚል። እሱ ስውር ግፊት ይባላል፣ ይበልጥ የሚያሳስበውም እሱ ነው። ሁለቱን የሚለየው ልጁ ቀኑንና ሌሊቱን ለብሶት የሚውል የ24 ሰዓት መለኪያ ነው። በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ራሱ ይለካል። እንቅልፍ ላይም ይለካል፣ ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ አሥር በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳልና። ልጆች ይሰለቹታል፣ ሌሊት ሲነፋ ይቀሰቅሳቸዋል። ግን ከብዙ ጥርጣሬ ይገላግላል።

ከየት ይመጣል?

ሐኪሞች ሁለት ከረጢት አላቸው። አንደኛው አንድ የተወሰነ መንስኤ የሌለው ግፊት ነው። ሁለተኛው ሌላ በሽታ ያመጣው።

ልጁ ከስድስት ዓመት በታች ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ ሁለተኛውን ከረጢት ይፈትሻል። እዚያ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የኩላሊት በሽታ ነው፣ ወይም ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ቅዳ መጥበብ። ጠባብ ቧንቧ ያለው ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሰዋል። የመላው ሰውነት ግፊት የወረደ ይመስለውና «ጨምሩ!» የሚል ሆርሞናዊ ትዕዛዝ ይልካል። የተሳሳተ ማንቂያ ደወል ነው።

ሌላው ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ፣ አኦርታ የሚባለው፣ አንድ ቦታ ላይ ጠቦ መፈጠር ነው። ከጠበበው በፊት ያለው ክፍል ይወጠራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይራባል። ስለዚህ ክንድ ላይ ግፊቱ ከፍ፣ እግር ላይ ዝቅ ይላል። በጤነኛ ልጅ ግን የእግር ግፊት ከክንዱ ትንሽ ይበልጣል። ሐኪሙ የብሽሽት ትርታ የሚዳስሰውና እግርም የሚለካው ለዚህ ነው። ቀኝ ክንድ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። የግራው ክንድ ቧንቧ ከጠበበው ቦታ አጠገብ ሊነሳ ስለሚችል ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ሊያሳስት ይችላል።

ከዚያ የታይሮይድ ዕጢና ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች ችግር አለ። መድኃኒትም አለ። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ ለትኩረት ማነስ የሚሰጡ አነቃቂ ክኒኖች፣ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙ አፍንጫ የሚከፍቱ መድኃኒቶች ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ልጁ የሚወስደውን ሁሉ፣ ተራ የሚመስለውንም፣ ለሐኪም መንገር ያዋጣል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅም ክትትል ይሻል። ማታ በኃይል የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅም እንዲሁ።

ልጁ ከስድስት ዓመት ካለፈ ግን ዛሬ በብዛት የሚገኘው የመጀመሪያው ከረጢት ነው። ቤተሰብ ውስጥ ግፊት አለ፣ ክብደቱ ጨምሯል፣ ጨው ይበዛል፣ እንቅስቃሴ ያንሳል። ቅድም ባነሳሁት የ2025 ጥናት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ካለባቸው ልጆች ወደ 19 በመቶ የሚጠጉት የደም ግፊት በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ጤናማ ክብደት ካላቸው ከሦስት በመቶ በታች ነው። ትርፍ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም ስላልሆነ ነው። ኩላሊት ጨው እንዲይዝ የሚያደርጉ ሆርሞኖችንና ነርቮችን ያነቃቃል። ይህ ማለት ግን ቀጭን ልጅ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ወፍራም ልጅ ሁሉ ግፊት አለበት ማለትም አይደለም፣ ከመቶ ሰማንያ አንዱ የለባቸውም።

ምልክቱስ?

ብዙውን ጊዜ የለም። ልጁ ይሮጣል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። «ራሱን ስላላመመው ግፊት የለበትም» የሚለው አይሠራም፣ «ራሱን ስላመመው ግፊት ነው» የሚለውም እንዲሁ። ካልተለካ አይታወቅም፣ አለቀ።

ለየት የሚለው በጣም ከፍ ሲል ነው። ኃይለኛ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ የዓይን ብዥታ፣ ግራ መጋባት፣ መንቀጥቀጥ፣ የፊት አንድ ጎን መውደቅ፣ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ምልክት ባይኖርም በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ180 በ120 በላይ ከተለካ እንደዚያው።

ዛሬ ካላመመው ለምን እንጨነቅ?

ልብ ጡንቻ ናት። ጡንቻ ሸክም ሲበዛበት ይፈረጥማል። ክንድ ቢፈረጥም ያምራል፣ ልብ ስትወፍር ግን ውስጧ ይጠብባል፣ ለመላላትም ትቸገራለች። የግራ ክፍሏ መወፈር ግፊት ባለባቸው ልጆች ላይ በልብ አልትራሳውንድ ይታያል። ይህ ወደፊት የሚመጣ ሳይሆን በዚያው ዕድሜ የሚገኝ ለውጥ ነው። ደም ቅዳዎችም ቀስ በቀስ ይደድራሉ። በልጅነቱ ከፍ ያለ ግፊት ያለው፣ ሲያድግም ከፍ ብሎ የመቆየት ዕድሉ ከእኩዮቹ ይበልጣል። ዕድል ነው እንጂ ዕጣ አይደለም፣ ብዙዎች ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንደማይስማሙ መደበቅ አልፈልግም። የአሜሪካው አካዳሚ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ሁሉም ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ ይላል። የኩላሊት ችግር፣ ስኳር በሽታ ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለበት ደግሞ ሐኪም ዘንድ በሄደ ቁጥር። የዚያው አገር የመከላከል አገልግሎት ግብረ ኃይል ግን በ2020 «ምልክት የሌለውን ልጅ ሁሉ መለካት ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም» ብሏል። «አትለኩ» አላለም። «አላውቅም» ነው ያለው። ልጅን ለክቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስትሮክ መቅረቱን ማሳየት የሚችል ጥናት መሥራት ከባድ ነው። እኔ ለመለካት አደላለሁ። አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ የተደበቀ የኩላሊት በሽታም በዚህ መንገድ ይገኛል። ቅድመ ሁኔታው በትክክል መለካቱ ነው።

ከተረጋገጠ ምን ይደረጋል?

እንደ ደረጃው ነው። «ከፍ ያለ» ብቻ ከሆነ አኗኗር ተስተካክሎ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል። አንደኛ ደረጃ ላይ ከሆነና ምልክት ከሌለው በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በሦስት ወር ይታያል። ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ቀጠሮው በሳምንት ውስጥ ነው። ምርመራው የሚጀምረው ከሽንትና ከደም ነው፣ ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት። እንደ ሁኔታው የኩላሊትና የልብ አልትራሳውንድ ይጨመራል።

አኗኗር ሲባል ጨው ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለትልቅ ሰው በቀን ከአምስት ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ለልጅ ከዚያም ያንሳል። ችግሩ ጨው ከጨው ዕቃ ብቻ አለመምጣቱ ነው። ቺፕስ፣ ፈጣን ኑድል፣ የታሸገ ሾርባ፣ ቋሊማ፣ ሌላው ቀርቶ ዳቦ ውስጥ አለ። ማሸጊያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «ሶዲየም» ነው። በ2.5 አባዙት፣ ጨው ይሆንላችኋል። 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም አንድ ግራም ጨው ነው። ለልጁ ለብቻው አልጫ ሠርቶ ሌላው ሰው ጨዋማ የሚበላበት ቤት ግን ብዙ አይዘልቅም። ምላስ ይለምዳል፣ ቀስ እየተባለ ከተቀነሰ ከሳምንታት በኋላ የድሮው ምግብ ራሱ ጨው የበዛበት ይመስላል።

አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ ይጨመራል፣ ጣፋጭ መጠጥ ይቀነሳል። ኃይል ሰጪ ተብለው የሚሸጡ ካፌይን ያለባቸው መጠጦች ከልጅ ይራቁ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያመጣ እንቅስቃሴ ይመከራል። ጨዋታም ይቆጠራል፣ ጂም አያስፈልግም። እንቅልፍ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ለጎረምሳ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው።

ክብደትን በተመለከተ፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ መክሳት አይጠበቅበትም። ቁመቱ እየጨመረ ክብደቱ ባለበት ቢቆይ በራሱ ይስተካከላል። «ወፍራም» እያሉ ማሸማቀቅ ግን የትም አያደርስም፣ ተደብቆ መብላት ነው የሚያስተምረው።

መድኃኒትስ? ከጀመረ ዕድሜ ልኩን ነው?

የግድ አይደለም። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አኗኗሩ ተስተካክሎ ለወራት ይታያል። ኩላሊቱ የታመመ፣ ስኳር ያለበት፣ ምልክት ያሳየ ወይም ልቡ የወፈረ ልጅ ግን አይጠበቅም። የሚሰጡት እንደ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ያሉ በትልቅ ሰውም የሚታወቁ ናቸው፣ መጠናቸው በኪሎ ይሰላል። ስለዚህ የአያትን ክኒን ለሁለት ሰብሮ መስጠት አይታሰብ። የኢናላፕሪል ዓይነቶቹ ጽንስን ይጎዳሉ፣ በጉርምስና ላይ ያለች ልጅ ሲታዘዝላት ይህ በግልጽ ሊነገራት ይገባል። ክብደት ተስተካክሎ ወይም መንስኤው ታክሞ መድኃኒት ያቆሙ ልጆች አሉ። የሚያስቆመው ግን ሐኪሙ ነው።

ስፖርት ይከልከል?

በአብዛኛው አይከለከልም፣ እንዲያውም ይታዘዛል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ ግን ግፊቱ እስኪወርድ ከውድድርና በተለይ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ብረት ከማንሳት ይቆያል። ለስፖርት አስተማሪው በወረቀት ማሳወቅ ይጠቅማል፣ ያለዚያ ልጁ «ሰነፍ» ይባላል።

ቤት ውስጥ እንለካ?

ሐኪሙ ካዘዘ አዎ፣ ለክንዱ ልክ በሆነ ካፍ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከጨዋታ በኋላ ሳይሆን አርፎ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፉ። መሣሪያውንም አንድ ቀን ይዛችሁ ሄዳችሁ ከክሊኒኩ ጋር አስተያዩት። በየሰዓቱ መለካት ግን ቁጥሩን አያሻሽልም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «ዛሬ ስንት ሆንኩ?» ማለት ከጀመረ መለኪያው ለጥቂት ቀናት ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።